ለዘር የተቀመጠ ማሲንቆ

ቢቸና ውስጥ መክሊትን "ይቺ ልጅስ አበደች" ያስባላት ቀን አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ግን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ነጠላ ጫማዋን በአንድ እግሯ ብቻ አጥልቃ ከይርጋነሽ ኮፒ ቤት ጓዳ እየሮጠች ወጣችና አስፋልቱ ዳር ቆማ፣ "ተናገረ! ተናገረልኝ!" እያለች ትዘል ጀመር። ይርጋነሽ እባብ የገባ መስሏት መጥረጊያ ይዛ ደረሰች።

"ምኑ ነው የተናገረው? አንቺ ልጅ፣ ሰው እያየን ነው!"

"ሲንተሳይዘሩ!"

"እግዚኦ! ይኼ ደግሞ ማን የሚሉት ነው?"

እንግዲህ ለይርጋነሽም ለእናንተም ላስረዳ። መክሊት ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ተምራ፣ ዲፕሎማዋንና ባትሪው የሞተ አንድ ላፕቶፕ ይዛ ተመለሰች። ቀን ቀን ጓደኛዋ ይርጋነሽ ቤት የሰው ማመልከቻ ትተይባለች፤ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል ጓዳ ትገባለች። ጓዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ሁሉ ጆንያ የለበሰ፣ በሩ በአሮጌ ጋቢ የተጋረደ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ነው። እሷ ግን "ስቱዲዮዬ" ነው የምትለው። ድንቄም ስቱዲዮ! እኔም ከሳቁባት አንዱ ነኝ፤ አልዋሽም።

ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት ፕሮግራሞች ነበሯት። አንደኛው ሙዚቃ ማቀናበሪያ ነው፤ ከበሮው በአንድ መስመር፣ ክራሩ በሌላ መስመር፣ ዘፋኙ በሌላ መስመር እየተደረደረ ዘፈን የሚሆንበት። ሁለተኛው ሲንተሳይዘር ነው፤ ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። ዋሽንት ሁን ሲሉት ዋሽንት፣ ጡሩምባ ሁን ሲሉት ጡሩምባ ይሆናል። ሁለቱ ካልተገናኙ ግን አንዱ አፍ የለውም፣ ሌላው ጆሮ የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ አልገናኝ አሏት። ማቀናበሪያውን ከፍታ "ሲንተሳይዘሩ የታለ?" ስትለው "የምን ሲንተሳይዘር?" ይላታል። አጥፍታ አበራች፣ ነቅላ ጫነች፣ እንጀራ እንኳ አልዋጥ አላት።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ተገለጠላት። ለካ ማቀናበሪያው የሚፈልገው በአንድ ፎልደር፣ ሲንተሳይዘሩ የተጫነው በሌላ ፎልደር! አንድ ግቢ እየኖሩ በተለያየ በር እንደሚገቡ ጎረቤቶች ማለት ነው። መንገዱን አሳየችውና "እንደገና ፈልግ" አለችው። የሲንተሳይዘሩ ስም ከዝርዝሩ ብቅ አለ። መስመር ላይ አስቀመጠችው፤ ሃያ አምስት ቁልፍ ብቻ ያላትን ትንሽ ኪቦርዷን በሽቦ ሰካችና አንዷን ነጭ ቁልፍ ጫን አደረገቻት። ጓዳው በድምፅ ተሞላ። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው በአንድ ጫማ ወጥታ የዘለለችው። እውነቴን ነው፣ እኔም ብሆን እዘል ነበር።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላት! የትምህርት ቤት መዝሙር መጣ፣ የሱቅ ማስታወቂያ መጣ፣ የሰርግ ዘፈን መጣ። "ሴት ልጅ ምን አቀናባሪ ትሆናለች" ይሉ የነበሩት ሁሉ የልጆቻቸውን ሰርግ ይዘው ጆንያው ውስጥ ተሰለፉ።

ታዲያ አንድ አመል አለባት። የሠራችውን ሁሉ የምታስቀምጠው በባለቀኑ ታቦት ስም ነው። በአምስት የሠራችው "አቦ" ይባላል፣ በአሥራ ዘጠኝ የሠራችው "ገብርኤል"፣ በሃያ አንድ የሠራችው "ማርያም"። ሀገሩስ እንዴት ነው የሚቆጥረው? እናቷ ላሟ የወለደችበትን ቀን በታቦት ነው የምታስታውሰው፤ ቁጥር ቢጠይቋት ግራ ይገባታል። ይርጋነሽ ግን ጠንቃቃ ናት፤ አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆማ ስታይ ቆየችና፣

"አንቺ፣ ሚካኤል እኮ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የሚውለው!" አለቻት።

"አሥራ ሁለት ጊዜ ይጠብቀኛላ!"

"ቀልጂ። ሌላ ቦታስ ለምን አትገለብጪውም? አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማሽም?"

"እኔማ ገና ሳልጋደም እንቅልፍ ይወስደኛል!" ብላ ሳቀችባት መክሊት። ሳቂ ሳቂ፤ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

አሁን ወደ አያ ወልደ ኪዳን ልምጣ። አያ የሞጣ ሰው ናቸው፤ ማሲንቆ መቺ። ከሞጣ እስከ ጉንደ ወይን፣ ከጉንደ ወይን እስከ ቢቸና እሳቸው ያልሸኟት ሙሽራ ያለች አይመስለኝም። ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚጫወቱት አንድ ዜማ አላቸው፤ እሱን ሲጀምሩት የሙሽራዋ እናት ቀርታ ወጥ ቤቶቹ ሳይቀሩ ማማሰያቸውን ጥለው ያለቅሳሉ። ራሳቸው አያ ደግሞ፣ ስርጉት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። በየሰርጉ ጠጅ ቀመስ ሲያደርጉ፣ "ይኼ ለሰው ልጅ ነው! የኔዋን ስሸኝ ግን ማሲንቆው ራሱ ያለቅሳታል፤ ያን ቀን ያልሰማኝ ማሲንቆ ሰማሁ እንዳይል!" ይሉ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ይኼን ሲሉ ያልሰማ የለም።

በኅዳር ሚካኤል አያ ለዘመድ ዝክር ቢቸና መጡ። መክሊት ከዝክሩ ቤት በራፍ ጠብቃ፣ እጃቸውን ይዛ፣ እየለመነች ጓዳዋ አስገባቻቸው።

"አያ፣ ያንን የመሸኛውን ዜማ ይጫወቱልኝና ልቅዳው።"

ዙሪያውን አዩ። "እዚህ? ጆንያ ውስጥ? ልጄ፣ ጤፍ መሰልኩሽ?"

ተጫወቱላት ግን። እንዴት አድርገው! መክሊት ጆሮዋ ላይ የደፋችው ማዳመጫ በእንባ ራሰ ቢባል ማጋነን አይደለም። ሲጨርሱ ደጋኑን ሊያስቀምጡ ሲሉ፣

"አሁን ደግሞ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ይሳቡልኝ" አለች።

"አንድ አንድ ማለት?"

"የመጀመሪያዋን ድምፅ ለብቻዋ። ከዚያ ሁለተኛዋን። አምስቱንም በየተራ። አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል።"

"ምን ሊሆንሽ? ወጥ የሠራን ሰው ሽንኩርቱን ለብቻ፣ በርበሬውን ለብቻ መልስልኝ ይሉታል እንዴ?"

"ለዘር ላስቀምጠው ነው፣ አያ። ዘፈኑ እህል ነው፤ ይበላል። ይኼኛው ግን ለዘር ነው።"

አያ የገበሬ ልጅ ናቸው። ዘር ሲባል ቀልድ እንደማይወድ ያውቃሉ። ደጋኑን እንደገና አነሱ፤ አምስቱን ድምፅ አንድ አንድ እያሉ፣ በቀስታም በኃይልም፣ ሳይሰለቹ ሳቡላት። መክሊት እነዚያን ድምፆች ሲንተሳይዘሩ ውስጥ አስገባቻቸው። አምስቱን ድምፅ በትንሿ ኪቦርድ ላይ ጎን ለጎን ባሉ አምስት ነጭ ቁልፎች ላይ ደረደረች፤ ቁልፉን ቀስ ብለው ሲጫኑት ቀስ ያለው የደጋን ምት ይሰማል፣ መታ ሲያደርጉት ኃይለኛው። ፕሮግራሙ "የመሣሪያው ስም ማን ይባል?" ሲላት "ወልደ ኪዳን" ብላ ጻፈች። መሣሪያው የሰው ስም ሊኖረው ይገባል ብላ ነው፤ ታቦቱ ያን ጊዜ አልታሰባትም። ከዚያ ራሷ ሞከረችው። ድምፁ የአያ፣ ጨዋታው የመክሊት! አልጣማትም። ተወችውና ዋናውን ዘፈን ወደ ማቀናበሩ ገባች። ከበሮ ጨመረችበት፣ አጃቢ ጨመረችበት። በአምስተኛው ቀን ጨረሰች፤ የአያ ጨዋታ የተቀዳው በሚካኤል ነውና ድምፁንም ዘፈኑንም "ሚካኤል" ብላ ዘጋችው። ትንሽ እንኳ አሰሚን ያሏትን ሁሉ፣ "ሳይበስል አይቀመስም! ቀኑ ይደርሳል" ብላ መለሰቻቸው።

ታኅሣሥ ሲያልቅ ክፉ ወሬ ከሞጣ መጣ። አያ ወልደ ኪዳንን ግራ ጎናቸውን ያዛቸው። አንደበታቸው ደህና ነው፣ ቀኝ እጃቸው ደህና ነው፤ ግራ እጃቸው ግን፣ ያ ጭራውን እየተጫነ ዜማውን የሚያወጣው እጅ፣ ጉልበታቸው ላይ ተኝቶ ቀረ። የስርጉት ሰርግ ደግሞ ለጥር ሃያ ሦስት ተቆርጧል።

ስርጉት ለመክሊት ደወለች። "መክሊትዬ፣ ሰርጉ ይቅር ብል አባዬ እንቢ አለ። ማታ ማታ ማሲንቆውን እያየ ያመሻል። ሰው በስልክ የቀዳው አለ ብለን ፈለግን፤ እልልታና ጭብጨባ ብቻ ነው የሚሰማበት።"

"እኔ ጋ አለ!" አለች መክሊት። "ሙሉው አለ! ከነከበሮው! ይዤው እመጣለሁ፤ አባትሽ ያሰቡትን አያጡም፣ በኔ ይሁንብሽ።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያ ይኼን ሲሰሙ፣ "እንግዲያው ልጄን እኔው እሸኛታለሁ ማለት ነው" ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቀመሱ አሉ።

ከሰርጉ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ቢቸና ላይ መብራት አልነበረም። ላፕቶፑ ደግሞ ባትሪው የሞተ ነው፤ ከፍቶ መስማት የለም። መክሊት አልተጨነቀችም። ምን ያስጨንቃታል? በእጇ የሠራችው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልላ፣ ኪቦርዷን ከላይ አድርጋ፣ ሰርጉ የተጠራሁት እኔም በገባሁበት ሚኒባስ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ረዳቱ "ጣራ ላይ ይጫን" ሲላት "አንተን ጣራ ላይ ይጫኑህ!" ብላ መኪናውን በሳቅ ሞላችው። መንገዱ ሲያነጥራት እሷ ላፕቶፑን ታቅፋ ትነጥራለች፤ ጉንደ ወይን ሲደርሱ ለጎኗ ሰው ታሪኩን ነግራ ጨርሳለች፤ ሞጣ ሲገቡ ሚኒባሱ በሙሉ ሰርጉ የተጠራ ይመስል ይመርቃት ነበር።

ሞጣ ድንኳኑ ተተክሏል። የኔሰው የተባለ ድምፅ ማጉያ አከራይ፣ ሰው የሚያክሉ ሁለት ስፒከሮች አቁሞ ገመድ ይዘረጋል። ስርጉት እንሶስላ የሞቀ እጇን ዘርግታ አቀፈቻት። አያ ነጭ ለብሰው፣ ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ደግፈው፣ ከድንኳኑ መካከል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰማ ተሰብስቧል። መክሊት ጉንጯ እሳት መስሎ ላፕቶፑን ሰካች፣ "ሚካኤል" የሚለውን ከፈተች፣ ከየኔሰው ስፒከር ጋር አገናኘችው።

"አያ፣ ይስሙልኝ!"

ከበሮው ገባ። ድንኳኑ ተነቃነቀ። አጃቢው ገባ። ስርጉት አፏን በእጇ ያዘች። አያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማሲንቆው የሚገባበት ደረሰ፤ ከዚያም፣

"ጤፍ ያላችሁ! ገብስ ያላችሁ! ዱቄታችሁ እንደ ሐር የሚለሰልስበት፣ ይግዛው ወፍጮ ቤት!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የኔሰው፣ "ሙሽራዋን ልታስፈጯት ነው እንዴ?" አለ። ሳቁ እንደገና ፈላ። ይግዛውም ማንም ሳያቆመው ስለ ሽሮና ስለ በርበሬ እየዘረዘረ፣ ከበሮው እያጀበው ቀጠለ። ያልሳቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

መክሊት ክው አለች። ይግዛው ቢቸና ያለ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ በታኅሣሥ ሚካኤል መጥቶ ማስታወቂያ ቀድታለታለች። ያን ቀን ወረፋው ብዙ ነበር፣ ቸኩላለች። ስታስቀምጥ እንደ ልማዷ "ሚካኤል" አለች። ኮምፒውተሩ "በዚህ ስም የተቀመጠ ድምፅ አለ፤ ይተካ?" ብሎ ጠየቃት። "አዎ" አለችው። አዎ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይቺኛዋ የምትለቅመው እንኳ አልነበራትም። የታኅሣሡ ሚካኤል የኅዳሩን ሚካኤል በላው። የዘፈኑ ፕሮጀክት ድምፁን ራሱን አልያዘም፤ ድምፁ የተቀመጠበትን ስም ነው የያዘው። በስሙ ሄዶ ያገኘውን አመጣ።

ወዲያው ቢቸና ደወለች። "ይርጋነሽ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ! ምክርሽን ሰምቼ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ባንቺ ኮምፒውተር የገለበጥኩት አለ አይደል? መብራት መጥቷል?"

"አሁን መጣ። ቆይ… ቆይ… አለ! ሚካኤል ይላል!"

"እሰይ! እሰይ ይርጋነሽዬ! ክፈቺውና አሰሚኝ!"

ይርጋነሽ ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። ከዚያ ከሩቅ፣ ቀጠን ብሎ፣ "ጤፍ ያላችሁ! ገብስ ያላችሁ!" የሚል መጣ።

የገለበጠችው የኅዳሩ ከተበላ በኋላ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ግን አንድ ነገር ልመስክርላት፤ አልሸሸችም። ሳቁ ገና ሳይበርድ በሰው መካከል አልፋ አያ ፊት ተንበረከከች።

"አያ፣ አጠፋሁት። ማንም አልነካውም፤ እኔው በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን።"

አያ ያን የተኛ እጃቸውን አዩት። ስርጉት ከኋላቸው ቆማ ትከሻቸውን ይዛ ታለቅሳለች፤ "ግድ የለም አባዬ፣ ግድ የለም" ትላለች። ግድ እንዳለው ድንኳኑ ሁሉ ገባው። የኔሰው እንኳ ከበሮውን ዘጋው።

"ልጄ" አሉ አያ፣ "እህሉ ጠፋ አልሽኝ።"

"አዎ አያ።"

"ዘሩስ?"

መክሊት ቀና አለች።

"ያን ቀን ሽንኩርቱን ለብቻ፣ በርበሬውን ለብቻ ያስወጣሽኝ? ለዘር ነው አላልሽኝም? እሱንም በላሽው?"

ተነሥታ ስትሮጥ ወንበር ገለበጠች። ማቀናበሪያውን ከፈተች፤ ሲንተሳይዘሩን ጠራችው። "ቶሎ በል፣ ቶሎ በል የኔ ጌታ!" ትለዋለች ማሽኑን። ዝርዝሩ ወጣ። ዋሽንት፣ ጡሩምባ፣ ክራር… ከሁሉም በታች "ወልደ ኪዳን"! የታቦት ስም ስላልተሰጠው ማንም ታቦት አልወረሰውም። ኪቦርዷን ሰካችና የመጀመሪያዋን ቁልፍ ጫነች።

አንድ የደጋን ምት፣ የአያ የራሳቸው ምት፣ ከነመሻከሩ በሰው ቁመት ስፒከር ወጣ። ከወጥ ቤቶቹ አንዷ "እልልል!" አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። መክሊት እየሳቀች ታለቅሳለች። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ።

"አያ፣ ድምፁስ አለ። ግን እኔ ስጫወተው የርስዎን አይሆንም። ሞክሬዋለሁ፤ አይሆንም።"

"አንቺን ማን ተጫወች አለሽ?" አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጪው ወዲህ!"

እኔ እንግዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ግን አላየሁም። ኪቦርዷን ጭናቸው ላይ አደረጉላቸው። አምስት ድምፅ፣ አምስት ቁልፍ፣ አምስት ጣት! መጀመሪያ ዝንብ እንደሚገድል ሰው መቱት፤ ማሲንቆው ሲጮህ ራሳቸው ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። "ቆይ፣ ይኼስ ያኮርፋል! ማባበል ነው የሚፈልገው" አሉ። ቀስ አሉለት። እየቆየ አውራ ጣታቸው የመጀመሪያዋን፣ ትንሿ ጣታቸው የመጨረሻዋን ለመደች። ደጋን የሳበ እጅ አይደል? ክብደቱን ያውቃል፤ የት እንደሚጫን፣ የት እንደሚያቀልል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመሸኛው ዜማ መጀመሪያ ተሰማ። መክሊት እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

አያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንድ ነገር ይቀረዋል። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ አንዱ እየተንሸራተተ ይሄዳል እንጂ እንደ ዶሮ አይዘልም።"

"አለው አያ! ይቺን ይዩ።" ኪቦርዷ ላይ በግራ በኩል አንዲት ትንሽ፣ ጎማ የመሰለች ተሽከርካሪ አለች፤ ሲያንከባልሏት ድምፁ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንሸራተታል። አያ አዩዋት፤ ከዚያ ግራ እጃቸውን አዩት። በግራ እጅ የምትዞር ናት።

"እኔ አዞርልዎታለሁ" አለች መክሊት ፈጥና። ሞከሩ። "አሁን!" ሲሏት እሷ ስታዞር ዜማው አልፏል። "አሁን! … ኤዲያ፣ አለፈ።" እስኪመሽ ሞከሩ፤ እሑድ ጠዋት ቤተ ሰቡ ከቅዳሴ ሲመለስ እንደገና ሞከሩ። ስርጉት ከምትኳኳልበት ክፍል በር ላይ ሆና ታያቸው ነበር። በመጨረሻ አያ፣ "ተይው ልጄ፣ እየዘለለም ቢሆን ይሸኛታል። ያገኘነው ይበቃናል" አሉ። መክሊት ሆዷ አልቆረጠም፤ ግን ምን ታድርግ?

ሰባት ሰዓት ላይ የሙሽራው ሚዜዎች እየጨፈሩ መጡ። በሩ ላይ ተከለከሉ፣ ተከራከሩ፣ ገቡ። ምሳው ተበላ፣ ምርቃቱ ተመረቀ። ሙሽራዋ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። ስርጉት ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በሙሽራው ክንድ ተያይዛ ተነሣች። የኔሰው ማይኩን አንሥቶ፣ "የሙሽራዋ አባት!" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

መክሊት ከአያ በስተግራ ተንበርክካ፣ መቅጃውን አስነሥታ፣ ጣቷን ተሽከርካሪዋ ላይ አደረገች። አያ ጀመሩ።

ድምፁ የሳቸው ነው፤ ጨዋታውም የሳቸው። የሙሽራው ወገኖች፣ ነገሩን ያልሰሙት፣ ማሲንቆው የታለ ብለው ዙሪያውን ያያሉ። አንዲት እናት ካሁኑ መሀረቧን አወጣች። ግን ዜማው መዞሪያው ላይ ሲደርስ፣ ያች መንሸራተት ያለባት ቦታ፣ መክሊት ዘገየች። ዘለለ። በሁለተኛው ዙር ቀደመች። አያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጠሉ።

ስርጉት የሙሽራውን ክንድ ለቀቀች።

ሚዜዎቹ "ኧረ ወዴት?" አሉ። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ድንኳኑን ተሻገረች፤ መክሊትን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ አባቷ ግራ ጎን ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ልጅ ሆና በየምሽቱ የምትቀመጥባት ቦታ ናት፤ ዓይኗ በዚያ በግራ እጅ ትክክል የሚውልባት። ጭራው ላይ መቼ እንደሚንሸራተት፣ መቼ እንደሚቆም ማንም ሳያስተምራት ሃያ ዓመት አይታለች። እንሶስላ የሞቀች ጣቷን ተሽከርካሪዋ ላይ አሳረፈች።

በሦስተኛው ዙር ማሲንቆው አልዘለለም። ተንሸራተተ! ኧረ እንዴት ተንሸራተተ! አያ ዓይናቸውን ገለጡና ወደ ግራ አዩ። የሳቸው ቀኝ እጅ፣ የልጃቸው ግራ እጅ፤ አንድ ማሲንቆ። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፤ ወጥ ቤቶቹ ማማሰያቸውን ጣሉ፣ የኔሰው ከስፒከሩ ጀርባ ሄዶ ተደበቀ፣ ሙሽራው እንኳ፣ ሚስቱን የሚጠብቀው ሰውዬ፣ እንባውን በከራባቱ ጠረገ። እኔ? እኔ አቧራ ገብቶብኝ ነው።

ሲጨርሱ አያ፣ "በቃ፣ አሁን ሂጂ ልጄ" አሉ። ስርጉት ያን የተኛውን እጅ ከጉልበታቸው አንሥታ ሳመችውና ሄደች።

መክሊት መቅጃውን አቆመች። ኮምፒውተሩ "ስሙ ማን ይባል?" አላት። ቀኑ ሃያ ሦስት ነው። ጣቷ እንደ ልማዱ "ጊዮ" ብሎ ጀመረ፤ ደንግጣ አጠፋችው። ከዚያ አያን፣ ስርጉትን፣ ሞጣን፣ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሰዓቱን ሳይቀር ደርድራ ረጅም ስም ጻፈች፤ ድምፆቹን ሁሉ ከፕሮጀክቱ ጋር በአንድ ፎልደር ሰበሰበች። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን የኔሰው ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱን በስርጉት ስልክ ሚሞሪ ላይ ገለበጠች። በእያንዳንዱ ከፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችው። የኔሰው "ስንት ጊዜ ነው የምትሰሚው?" ቢላት የሚቀጥለውን ቅጂ ከፈተች።

ይርጋነሽ ደወለች። ከጠዋት ጀምሮ ልቧ ተንጠልጥሎ ነው የዋለችው። መክሊት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት፤ ግማሹ ለቅሶ፣ ግማሹ ሳቅ ነው። ይርጋነሽም ከዚያ ማዶ አፍንጫዋን ሳበችና ድምፅዋን አስተካከለች።

"ስንት ቦታ ገለበጥሽው?"

"ላፕቶፑን ጨምሮ አራት።"

"እንግዲያው ዛሬ ተኚ" አለቻት።